በጣም የሚቀራረቡ ወፎችን ተደጋጋሚ ዲኤንኤ ስናወዳድር የምናየው ልዩነት ከወፎቹ ነው ወይስ ከአሠራራችን?

የአዌቱ ዳር

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ተሳታፊዎች። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን እዚሁ ጅማ እየሠራሁ ነው። የመረጥኩት ርዕስ ዞስቴሮፕስ በሚባለው ወገን ውስጥ ያሉ ተቀራራቢ ወፎች በጂኖማቸው (በሙሉ ዲኤንኤያቸው) የሚሸከሙት ተደጋጋሚ ዲኤንኤ፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ተደግሞ የሚገኝ ቅደም ተከተል፣ በመጠንና በዓይነት እንዴት እንደሚለያይ ማወዳደር ነው። ለማታውቋቸው፣ በዓይናቸው ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያለባቸው፣ ላባቸው ቢጫና አረንጓዴ የሆነ፣ በቡና ጥላ ዛፎች ላይ በመንጋ ሆነው ነፍሳት ሲለቅሙ የሚውሉት ትንንሽ ወፎች ናቸው። በእኛ አካባቢ ያለውን ኖይማን በ1902 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ዞስቴሮፕስ ካፈንሲስ ብሎ ገልጾታል። አንዳንድ የዝርያ ዝርዝሮች ራሱን የቻለ ዝርያ ሲያደርጉት ሌሎች በዞስቴሮፕስ ፖሊዮጋስትረስ ሥር ያስገቡታል። ደረቅ ቁጥቋጦ የሚወደው ዞስቴሮፕስ አቢሲኒከስም በንጽጽሩ ውስጥ እንዲገባ አስቤያለሁ።

ወደ መስክ ከመውጣቴ በፊት ለልምምድ ያህል በነጻ የሚገኙ የዚሁ ወገን ሁለት ጂኖሞችን አውርጄ ተደጋጋሚ ክፍሎችን በሚለየው ሪፒትማስከር በተባለ ፕሮግራም ፈተሽኳቸው። የአንደኛው የተደጋጋሚ ዲኤንኤ ድርሻ ከሌላው በግልጽ ከፍ ብሎ ታየ። ከዚህ ተነስቼ «በአንደኛው ዝርያ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች (በጂኖም ውስጥ ራሳቸውን እየገለበጡ የሚባዙ ቅደም ተከተሎች) በቅርቡ ተባዝተዋል» ማለት ይቻላል? ካልተቻለ፣ ይህን ለማለት ምን ምን ሊሟላ ይገባል?

ጋሽ ጊቤ

እህቴ፣ ከእነዚህ ሁለት መቶኛዎች ብቻ ተነስቶ እንዲህ ማለት አይቻልም። ስለ ወፎቹ ታሪክ ከማሰብሽ በፊት ስለ ሁለቱ ናሙናዎች ጾታ ጠይቂ።

በወፎች ዘንድ ሁለት ዓይነት የጾታ ክሮሞዞም ይዛ የምትገኘው ሴቷ ናት፤ እሷ ዜድ እና ደብልዩ ሲኖራት ወንዱ ሁለት ዜድ አለው። ደብልዩ በአብዛኛው ርዝመቱ ከጥንዱ ጋር ክፍል ስለማይለዋወጥ አንድ ጊዜ የገባበት ተደጋጋሚ ክፍል በቀላሉ አይወገድለትም። በተለይ ከጥንት ሬትሮቫይረሶች የተወረሱት ኤልቲአር የሚባሉት ክፍሎች በብዛት ይከማቹበታል፤ በ2021 የታተመ የበርካታ ወፎች ንጽጽርም ይህን ክሮሞዞም የእነዚሁ ቫይረሶች መጠለያ ሲል ገልጾታል። ስለዚህ አንዱ ጂኖም የሴት፣ ሌላው የወንድ ከሆነ፣ ያየሽው የዝርያ ልዩነት ሳይሆን የጾታ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ይህ ተራ ጥንቃቄ አይደለም። በ2004 የታተመው የመጀመሪያው የወፍ ጂኖም ከሴት የዱር ዶሮ የተወሰደ ሲሆን፣ በ2010 የታተመው የዚብራ ፊንች (የትንሽ ዘማሪ ወፍ) ጂኖም ግን የወንድ ነበር። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ስንቱ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ እንዳወዳደረ አስቢ።

የናሙናው ጾታ ካልተመዘገበ ከንባቦቹ (መሣሪያው ከሚያነባቸው የዲኤንኤ ቁርጥራጮች) ጥልቀት፣ ማለትም እያንዳንዱ ቦታ ስንት ጊዜ እንደተነበበ በማየት፣ ማወቅ ይቻላል፤ በሴት ላይ የዜድ ክሮሞዞም የንባብ ጥልቀት የሌሎቹን ክሮሞዞሞች ግማሽ ያህል ይሆናል። እዚህ ላይ በአንቺ ወፎች የተለየ ነገር አለ። ዞስቴሮፕስ የሚገኝበት ሲልቪዮይዲያ የሚባለው ትልቅ ቡድን ከጥንት ጀምሮ 4ኤ ከተባለው ክሮሞዞም ከፊሉን ከጾታ ክሮሞዞሞቹ ጋር አዋህዷል። የዚብራ ፊንችን ካርታ ይዘሽ ስትሠሪ ያ ክፍል እንደ ተራ ክሮሞዞም ተመዝግቦ ታገኚዋለሽ፤ በአንቺ ሴት ወፎች ግን እንደ ጾታ ክሮሞዞም ይሠራል። ይህን ካላሰብሽበት ስሌትሽ ይዛባል።

በመስክ ለምትይዣቸው ደግሞ ወንዱና ሴቷ በመልክ ስለማይለዩ፣ በዜድና በደብልዩ ላይ በርዝመት በሚለያየው ሲኤችዲ1 በተባለው ጂን ላይ የተመሠረተውን የፒሲአር (ዲኤንኤን የማባዣ ዘዴ) ምርመራ ተጠቀሚ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በብዙ የወፍ ላብራቶሪዎች የሚሠራበት ነው።

የመርካቶው ዳታ

ጋሽ ጊቤ ስለ ጾታ ያነሱት ትክክል ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው እያንዳንዱ ጂኖም በምን ዓይነት ንባብ እንደተገጣጠመ ነው። ብዙዎቹ የቆዩ የወፍ ጂኖሞች ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) አካባቢ ርዝመት ባላቸው አጫጭር ንባቦች የተሠሩ ናቸው። ሙሉ ርዝመት ያለው ሲአር1 የተባለው የወፎች ዋነኛ ተንቀሳቃሽ ክፍል አራት ሺህ ቤዝ ያልፋል፤ ኤልቲአሮቹም ብዙ ሺህ ቤዝ ይረዝማሉ። በሰፌድ ላይ ያለ ተደጋጋሚ ጥለት በትንንሹ ተቆራርጦ ቢሰጠን የጥለቱን መልክ እናውቃለን እንጂ ስንት ጊዜ እንደዞረ አናውቅም፤ ገጣጣሚው ፕሮግራምም አሥሩን ቅጂ አንድ አድርጎ ያልፈዋል ወይም እዚያው ላይ ያቋርጣል። በቁራዎች ላይ በ2017 የታተመ ሥራ ረጃጅም ንባቦችንና የእይታ ካርታ የሚባለውን ዘዴ አንድ ላይ ሲጠቀም፣ አሃዱ ብቻውን 14,000 ቤዝ ያህል የሆነ፣ ሳተላይት የሚባል፣ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ የተደረደረ ተደጋጋሚ ዲኤንኤ አግኝቷል። በአጭር ንባብ ብቻ ቢሠራ ኖሮ እንዲህ ያለው ነገር ሳይታይ ይቀር ነበር።

ስለዚህ አንደኛው ጂኖም በረጅም፣ ሌላው በአጭር ንባብ የተሠራ ከሆነ፣ ረጅሙ ሁልጊዜ «ብዙ ተደጋጋሚ አለው» ይመስላል። የእኔ ምክር የተገጣጠመውን ጂኖም ለጊዜው ትተሽ ከጥሬ ንባቦቹ እንድትነሺ ነው። ሪፒትኤክስፕሎረርና ዲኤንኤፓይፕቲኢ የተባሉት ፕሮግራሞች ጂኖሙን አንድ ጊዜ እንኳ በማይሸፍን ጥቂት ንባብ ይሠራሉ። የሁሉንም ዝርያ ንባቦች ከየጂኖማቸው መጠን ጋር በተመጣጠነ ቁጥር ወስደሽ፣ ርዝመታቸውን እኩል ቆርጠሽ በአንድነት ብታስገቢያቸው፣ የትኛው ቤተሰብ በየትኛው ዝርያ እንደበዛ በአንድ ሚዛን ታያለሽ። ከጅማ ሆኖ ለሚሠራ ሰው ሌላም ጥቅም አለው፤ ጥቂት ንባብ ማለት ትንሽ ፋይል ማለት ስለሆነ ኔትወርክ በተቆራረጠ ቁጥር ማውረዱን እንደገና መጀመር ያን ያህል አይጎዳም።

አንድ ነገር ልጨምር። የአንዱ ዝርያ ንባብ በፒሲአር ተባዝቶ፣ የሌላው ያለ ፒሲአር ከተዘጋጀ፣ ጂሲ (ጂ እና ሲ የተባሉት ቤዞች) የሚበዛባቸው አካባቢዎች በመጀመሪያው አንሰው ይታያሉ። አንዳንድ ሳተላይቶች በጂሲ ወይም በኤቲ የበለጸጉ ስለሆኑ ውጤቱ በቀጥታ ይነካቸዋል።

የጌራ ጫካ

እኔ የደን ባለሙያ ነኝ፤ ወፎቹን የማውቃቸው በድምፃቸውና በሚያርፉበት ዛፍ ነው። ውይይቱን በአክብሮት እየተከታተልኩ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የወፍ ጂኖም ትንሽ ነው፣ በውስጡ ያለው ተደጋጋሚ ክፍልም ጥቂት ነው ሲባል እሰማለሁ። እንዲህ ከሆነ፣ የእኛ የካፋው ወፍ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው አይደለም የሚለውን ለመለየት የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤና የተለመዱት የነጠላ ቤዝ ልዩነቶች አይበቁም? ገንዘቡ በሚያጥርበት አገር፣ ጥቂት ነው በተባለ ነገር ላይ ያለንን ማፍሰስ ተገቢ መሆኑ አልታየኝም።

ጋሽ ጊቤ

ወዳጄ የጌራ ጫካ፣ ግማሹ ንግግርዎ እውነት ነው። የብዙ ወፎች ጂኖም ከአንድ ቢሊዮን ቤዝ ብዙም አይርቅም፤ የሰው ከሦስት ቢሊዮን ያልፋል። በ2014 የታተመው የ48 ዝርያዎች ንጽጽርም የአብዛኞቹ ወፎች ተንቀሳቃሽ ክፍል ከጂኖሙ ከ4 እስከ 10 በመቶ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ነገር ግን በዚያው ሥራ የተካተተው ግንደ ቆርቁር 22 በመቶ ያህል ይዞ ተገኘ፤ ምክንያቱም በዚያ የዘር ሐረግ ሲአር1 በብዛት ተባዝቷል። በዶሮ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ የሲአር1 ቅጂዎች ቢኖሩም አብዛኞቹ ከአንድ ጫፋቸው የተቆረጡና ያረጁ ናቸው። በዚብራ ፊንችና በዘመዶቹ ደግሞ በቅርብ ጊዜ የነቁት ይልቁንም ኤልቲአሮቹ ናቸው። ጠቅላላ መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ታሪኩም ትንሽ ነው ማለት አይደለም። በ2017 የታተመ አንድ ትልቅ ንጽጽር የወፎች ጂኖም መጠን ሳይለወጥ የቆየው ምንም ስላልገባበት ሳይሆን፣ አዲስ የሚገባውን ያህል አሮጌው እየተቆረጠ ስለወጣ መሆኑን አስረድቷል። ሁለት ዝርያዎች እኩል መቶኛ ይዘው ይዘታቸው ፈጽሞ የተለያየ ሊሆን የሚችለውም ለዚህ ነው። ለእህታችንም የምመክራት መቶኛውን የመጨረሻ ጉዳይዋ አድርጋ፣ የትኛው ቤተሰብ፣ በምን ዕድሜ፣ በየትኛው ክሮሞዞም ላይ የሚለውን እንድታስቀድም ነው።

ጥቂት መሆናቸው ተጽዕኗቸውን እንደማይቀንስ ደግሞ ቁራዎቹ ይመሰክራሉ። በአውሮፓ ሁለመናው ጥቁር የሆነው ቁራና ግራጫ ካባ የለበሰው ቁራ በጂኖማቸው እጅግ የተቀራረቡ ናቸው፤ በሚገናኙበት ጠባብ መስመር ላይም ይዳቀላሉ። በ2020 የታተመ ጥናት ረጃጅም ንባቦችን ተጠቅሞ ኤንዲፒ ከተባለው ጂን አካባቢ 2,250 ቤዝ ያህል የሚረዝም የኤልቲአር ሬትሮትራንስፖዞን ጣልቃ መግባቱን አገኘ፤ ይህም ከጂኑ አገላለጽ መቀነስ ጋር ተያይዞ ታየ። ቁራዎቹ ጥንዳቸውን ሲመርጡ የላባ ቀለም ያያሉ ተብሎ ስለሚታመን፣ አንድ የተቀመጠ ቅጂ ዝርያን ከዝርያ በመለየቱ ሂደት ውስጥ እጁ ሊኖርበት ይችላል ማለት ነው። በነጠላ ቤዝ ልዩነት ብቻ የሚሠራ ሰው ይህን አያየውም።

አገራችንን የሚነካ ምሳሌም አለ። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ የሚኖረው ጭንቅላቱ ሰማያዊ የሆነው ዩሬጊንተስ ሲያኖሴፋለስ የዚብራ ፊንች ዘመድ ነው። የእርሱ ጂኖም በ2019 ሲወጣ፣ በሚገባ ተጠንቶ አልቋል ተብሎ ይታሰብ በነበረው በዚብራ ፊንች ውስጥ ያልተመዘገቡ የኤልቲአር ቤተሰቦች እንዳሉ አሳየ። ዘመዱ ባይመረመር ኖሮ የቀድሞው ዝርዝር ጎዶሎ መሆኑ አይታወቅም ነበር።

ስለ ዝርያነቱ ጥያቄዎ ግን እስማማለሁ። የነጠላ ቤዝ ልዩነቶቹ ከሁሉ በፊት ይሠሩ፤ ምክንያቱም የእነዚህ ወፎች ዝምድና መልካቸው እንደሚነግረን አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ላይ ያሉት የዞስቴሮፕስ ሕዝቦች ስለሚመሳሰሉ ድሮ በአንድ ዝርያ ሥር ነበሩ፤ የዲኤንኤ ጥናቶች ግን አንዳንዶቹ ከሌላ ተራራ መሰሎቻቸው ይልቅ በቆላ ካሉ ጎረቤቶቻቸው ጋር እንደሚዛመዱ አሳዩ። የዘር ሐረጉ ሳይታወቅ «በጣም ተቀራራቢ» ብለን የያዝናቸው ተቀራራቢ ላይሆኑ ይችላሉ።

የአዌቱ ዳር

ጋሽ ጊቤ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። የሁለቱን ጂኖሞች መግለጫ ዛሬ ፈትሼዋለሁ፤ አንደኛው በረጅም ንባብ፣ ሌላው በአጭር የተሠራ ነው። ስለዚህ ልዩነቱን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጌዋለሁ።

አሁን የሚያሳስበኝ የማመሳከሪያው ቤተ መዝገብ ነው። ወንድሜ የመርካቶው ዳታ፣ ከዶሮና ከዚብራ ፊንች የተዘጋጀውን የተደጋጋሚ ክፍሎች ቤተ መዝገብ እንዳለ ብወስደው ይበቃኛል ወይስ ለእያንዳንዱ ዝርያ የራሱን ማዘጋጀት አለብኝ? ደግሞስ ተመሳሳይ የጣልቃ መግቢያ ቦታዎችን የዘር ሐረግ ለመሥራት ልጠቀምባቸው እችላለሁ?

የመርካቶው ዳታ

ለየብቻም፣ እንዳለም አይሆንም። የዚብራ ፊንቹን ብቻ ብትወስጂ በአንቺ ወፎች ውስጥ በቅርቡ የተነሱት ቤተሰቦች ወይ አይታዩም ወይ እንደ አሮጌ ይቆጠራሉ፤ በጣም የምትፈልጊው ደግሞ እነሱኑ ነው። ለአንዱ ዝርያ ብቻ አዳዲስ ቤተሰቦችን የሚፈልገውን ሪፒትሞዴለር የተባለ ፕሮግራም አስኬደሽ የወጣውን በሁሉም ላይ ብትጠቀሚ ያ ዝርያ ሁልጊዜ ሀብታም መስሎ ይታያል። ስለዚህ ለሁሉም ለየብቻ አስኬጂ፤ ከዚያ ከነባሩ የወፎች ቤተ መዝገብ ጋር ቀላቅለሽ የተደጋገሙትን አንድ አድርጊ። ለዚህ ከ2007 ጀምሮ ብዙዎች የሚከተሉት የ80-80-80 መመዘኛ አለ፤ ሁለት ክፍሎች ቢያንስ በ80 ቤዝ ርዝመት ላይ፣ ከርዝመታቸው 80 በመቶውን በሚሸፍን ንጽጽር፣ 80 በመቶ ከተመሳሰሉ የአንድ ቤተሰብ ናቸው ይላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አሰልቺ ቢሆንም ሊዘለል አይገባውም። በፕሮግራሙ የወጡትን ወካይ ቅደም ተከተሎች በዓይንሽ አንድ በአንድ ተመልከቺ፤ ብዙዎቹ ከመሃል የተቆረጡ ናቸው፣ አንዳንዶቹም ብዙ ቅጂ ያላቸው ተራ ጂኖች ሆነው ይገኛሉ። ቅጂዎቹን ከነግራና ቀኝ አዋሳኛቸው አውጥተሽ ደርድሪና ጫፋቸው የት እንደሚያበቃ እዪ። ይህ ሳይሠራ የሚወጣ የዕድሜ ሥዕል፣ ማለትም ቅጂዎቹ ከወካዩ ምን ያህል እንደራቁ በኪሙራ ርቀት የሚያሳየው ሥዕል፣ ያማረ ቢሆንም ለማመን ይከብደኛል።

ጣልቃ መግቢያ ቦታዎቹን በተመለከተ፣ ሁለት ቅጂዎች ራሳቸውን ችለው በአንድ ቦታ ላይ በትክክል መግባታቸው እጅግ የማይመስል ስለሆነ ጥሩ ምልክቶች ናቸው። ነገር ግን በ2015 የታተመ ጥናት በ2,118 እንዲህ ያሉ ምልክቶች ላይ ተመሥርቶ የጥንቶቹን ወፎች ፈጣን መከፋፈል ሲመረምር፣ ምልክቶቹ እርስ በርስ የሚጋጩበት ብዙ ቦታ አገኘ። ምክንያቱ ዝርያዎቹ ሲለያዩ ቅጂው በሕዝቡ ውስጥ ገና ግማሹ ይዞት ግማሹ ሳይዘው መቆየቱ ነው። ዞስቴሮፕስ በፍጥነት በመከፋፈል የታወቀ ወገን ስለሆነ ይኸው ይጠብቅሻል። ከእያንዳንዱ ዝርያ አንድ ወፍ ብቻ ይዘሽ «ይህ ቅጂ የዚህ ዝርያ መለያ ነው» እንዳትዪ።

ጋሽ ጊቤ

በሳተላይቶቹ ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1977 የቀረበ አንድ ሐሳብ ተቀራራቢ ዝርያዎች የጋራ የሳተላይት ክምችት ከቅድመ አያታቸው ይወርሳሉ፣ ከዚያም እያንዳንዱ ዝርያ ከክምችቱ የተለያየውን ያበዛል ይላል። ስለዚህ አንድ ሳተላይት በአንዱ በሚሊዮን ቤዝ፣ በሌላው በጥቂት ቅጂ ሲገኝ፣ «አዲስ ተፈጠረ» ከማለትሽ በፊት በሁለተኛው ውስጥ በጥቂቱ መኖሩን ከጥሬ ንባቡ አጣሪ።

ላብ ጀርባ

ስለ ናሙና አያያዝ ጥቂት ልበል። የወፍ ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክለስ ስላለው ከክንፍ ሥር ካለው ደም ሥር የሚወሰድ ጠብታ ደም ብቻ በቂ ዲኤንኤ ይሰጣል። ለአጭር ንባብ በኢታኖል የተቀመጠ ደም ያገለግላል። ለረጅም ንባብ ግን ዲኤንኤው ሳይቆራረጥ መቆየት ስላለበት ወዲያው ማቀዝቀዝ ይሻላል፤ መብራት በሚጠፋበት ቦታ ፍሪዘር ላይ ብቻ መተማመን አይገባም፣ የመጠባበቂያ ዕቅድ ይኑርሽ።

ደግሞም ደም የማይነግርሽ ነገር አለ። በዘማሪ ወፎች የዘር ሕዋሶች ውስጥ ብቻ የሚገኝ፣ ከሌላው የሰውነት ክፍል የሚወገድ አንድ ተጨማሪ ክሮሞዞም አለ። መጀመሪያ በ1998 በዚብራ ፊንች ታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ በተመረመሩት ዘማሪ ወፎች ሁሉ ተገኝቷል። እርሱም ተደጋጋሚ ክፍሎች አሉበት። ለዚህ ጥናት ብሎ ወፍ መግደል አይገባም፤ ነገር ግን በጽሑፍሽ ላይ ውጤቱ የደም ጂኖምን ብቻ እንደሚመለከት ግለጪ።

የጌራ ጫካ

የቁራዎቹ ነገር አሳምኖኛል፤ ቅሬታዬን አንስቻለሁ። ፈቃዱን ግን ከወዲሁ ጀምሪው። የጄኔቲክ ሀብትን ስለማግኘት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/2006 ናሙና ወደ ውጭ አገር ላብራቶሪ ከመላኩ በፊት የሚፈጸመውን ያስቀምጣል፤ በዚህ በኩል የምታነጋግሪው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ነው። ወፎቹን ለመያዝ ደግሞ የዱር እንስሳት ጉዳይ የሚመለከተው አካል ፈቃድ ያስፈልግሻል። የአንዱ ፈቃድ ሌላውን አይተካም፤ የሁለቱም ጊዜ ይወስዳል።

ስለ ቦታውም፣ በበለጤ ጌራ ደን ውስጥ ብቻ መረብ መዘርጋት የለብሽም። በ2015 የታተመ በዚህ አካባቢ የተሠራ ጥናት በጥላ ቡና እርሻዎች ውስጥ የደን ወፎችም እንደሚገኙ አሳይቷል። ከእርሻው ባለቤት ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪ፤ ቡና በሚለቀምበት ወቅት ሰው ስለሚበዛ መረቡን አትዘርጊ።

የአዌቱ ዳር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዕቅዴን እንዲህ አስተካክያለሁ። ከእያንዳንዱ ሕዝብ ሴቶችንና ወንዶችን በሲኤችዲ1 ለይቼ እይዛለሁ፤ ሁሉንም በአንድ ላብራቶሪ፣ ያለ ፒሲአር፣ በተመሳሳይ የንባብ ርዝመት አስነብባለሁ። የዘር ሐረጉን በነጠላ ቤዝ ልዩነት ሠርቼ፣ ከጥሬ ንባቦቹ በጋራ የቤተሰቦቹን ብዛት አወጣለሁ፤ ገንዘቡ ከተገኘ ከእያንዳንዱ ዝርያ አንዲት ሴት በረጅም ንባብ ትሠራለች። ዋናውን ንጽጽር በወንዶቹ ላይ አድርጌ ሴቶቹን ለደብልዩ ብቻ ብጠቀምባቸው ይሻላል ወይስ ሁለቱንም በአንድ ሠንጠረዥ ላድርጋቸው?

የመርካቶው ዳታ

ለየብቻ አድርጊያቸው። በወንዶቹ ንጽጽር ደብልዩ ጭራሽ ስለማይኖር የተራ ክሮሞዞሞቹና የዜድ ልዩነት ጥርት ብሎ ይወጣል። ከዚያ በአንድ ዝርያ ውስጥ ከሴቶቹ የወንዶቹን ስትቀንሺ ትርፉ የደብልዩ ድርሻ ግምት ይሆንሻል፤ በሴት ላይ ዜድ አንድ ብቻ መሆኑን ግን በስሌቱ አስገቢ። ያንን ግምት በረጅም ንባብ ከተሠራችው ሴት ጋር አመሳክሪው፤ ሁለቱ ካልተስማሙ መጀመሪያ የምትጠረጥሪው ከ4ኤ የመጣውን ክፍል ይሁን።